የሸክላ ማጫወቻን ክንድና መርፌ ስለ ማስተካከል

(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የኀምሳኛ ዓመት በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ኀምሳኛ ዓመት ለማክበር በተሰበሰባችሁበት በዚህ አዳራሽ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን የክበባችን አባሎች ሁሉ ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ፥ ስለ ስፖርትና ስለ አትክልት ቦታው ብዙ መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። የእኛ ነገር ግን ስለ አንዲት ትንሽ መርፌ ነው። ትንሽነቷን አይታችሁ አትናቋት። እኛ ንቀናት ያደረስነውን ጉዳት ከሁሉ አስቀድመን እንነግራችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱን የዕቃ ቤት ስናጸዳ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አገኘን። ሞተሩ ደኅና ነበር፤ ሰሐኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ግን ላልቶ ነበር። ቀበቶውን ለውጠን፥ አቧራውን ጠርገን፥ ከድምፅ ማጉያ ጋራ አገናኘነው። ድምፅ በሰጠ ጊዜ ከመካከላችን ያልጨፈረ አልነበረም። ይህን ወሬ የሰሙ የአንድ ጓደኛችን እናት፥ ከሟች ባለቤታቸው ጋራ በተጋቡበት ዘመን የገዙትን አንድ ባለ 45 ዙር ሸክላ በነጠላ ጠቅልለው ላኩልን። ከቤታቸው ማጫወቻ ከጠፋ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ ዘፈኑን ከሰሙት ቆይተው ነበር። «አንድ ቀን ጠርታችሁ ካሰማችሁኝ ይበቃኛል» ብለው ነበር የላኩት።

እኛም እርሳቸውን ከመጥራታችን በፊት ልንሞክረው ሸክላውን አስቀመጥነው። መርፌው ግን እየዘለለ አስቸገረን። ከመካከላችን አንዱ «ክብደት ቢጨመርበት ይጸናል» አለና አንድ ሳንቲም በክንዱ ራስ ላይ በፕላስተር ለጠፈበት። እውነትም መዝለሉን ተወ። እኛም ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት ቈጥረን ዘፈኑን ደጋግመን አጫወትነው። በአምስተኛው ቀን የዘፋኙ ድምፅ ሻከረ። «ሰ» ወይም «ሸ» ያለበት ቃል በመጣ ቍጥር ድምፁ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወደቀ የውሃ ጠብታ ይንጨረጨር ጀመር። ደንግጠን ሳንቲሙን አነሣን፤ መርፌውን ለወጥን፤ ሌላ ማጫወቻም ተውሰን ሞከርን። የጠፋው ድምፅ ግን አልተመለሰም። የተበላሸው ሸክላው ራሱ ነበርና።

በደላችንን ልንነግራቸው ወደ እኚያ እናት ቤት በሄድን ጊዜ ማናችንም ቀድሞ ለመናገር አልደፈርንም። እርሳቸው ግን አልተቈጡንም። ሸክላውን ተቀብለው ጥቂት ካገላበጡት በኋላ መልሰው ሰጡንና፥ «ልጆቼ፥ ሳትማሩ ጀመራችሁት፤ እንግዲህ ተማሩና ጨርሱት» አሉን። ይህ የዛሬው ንግግራችን የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ፈሩና መርፌው

በሸክላ ፊት ላይ የሚታየው ነገር ብዙ ክብ መስመር ይመስላል እንጂ፥ ከዳር ተነሥቶ እየተጠማዘዘ እስከ መሐል የሚደርስ አንድ ረጅም ፈር ነው። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ሳያቆም፥ ማረሻውንም ሳይነቅል ማሳውን ከዳር እስከ መሐል እየዞረ ቢያርሰው እንዲህ ያለ ፈር ይተው ነበር። የፈሩ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሃያኛው ያህል ነው። ግራና ቀኙ እንደ ሸለቆ ጥግ በ45 ዲግሪ የተዘቀዘቀ ሁለት ግድግዳ አለው። በስቴሪዮ ሸክላ ላይ ወደ መሐል የሚቀርበው ግድግዳ የግራውን ድምፅ፥ ወደ ዳር የሚቀርበው ግድግዳ የቀኙን ድምፅ ይይዛል።

የመርፌው ጫፍ አልማዝ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሲጓዝ የግድግዳው ውጣ ውረድ ያንቀጠቅጠዋል። መርፌው የተሰካበት ቀጭን ዘንግ በሌላው ጫፉ ትንሽ ማግኔት ይዟል። ማግኔቱ በሽቦ ጥቅሎች አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆንበት ትንሽ ሣጥን ካርትሪጅ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማጉያው ነው። ስለዚህ መርፌው አጣምሞ የሰማውን ማጉያው አጣምሞ ያጎላዋል እንጂ ሊያቀናው አይችልም።

የክንዱ ስሕተት ከየት ይመጣል?

ሸክላ በፋብሪካ ሲዘጋጅ ፈሩን የሚቀደው መቍረጫ በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ ሆኖ ከዳር ወደ መሐል ይሄዳል። ስለዚህ መቍረጫው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከፈሩ አቅጣጫ ጋራ እንደ ተስተካከለ ነው። የብዙዎቹ ማጫወቻዎች ክንድ ግን በአንድ ጥግ በተተከለ ምሰሶ ላይ፥ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር፥ ቅስት እየሠራ ይሄዳል። በቀጥታ መንገድ የተቀደደውን ፈር በቅስት መንገድ ሲከተሉት አንዳንድ ቦታ ላይ ይገጥማል፤ ሌላው ቦታ ላይ ይጣመማል።

ይህን ጠማማነት ለመቀነስ ሁለት ብልሃት ተገኘ። አንደኛው፥ መርፌው ከሰሐኑ መሐል ዘንግ ጥቂት አልፎ እንዲደርስ ክንዱን ማስረዘም ነው። ሁለተኛው፥ ካርትሪጁን ወደ መሐል ዘንበል አድርጎ ማሰር ነው። በእንግሊዝ አገር ፐርሲ ዊልሰን በ1924 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ጻፈ። ስዊድናዊው ኤሪክ ሌፍግሬን በ1938 እ.ኤ.አ.፥ ቀጥሎም ቤርዋልድ በ1941 እ.ኤ.አ. ስሌቱን አበጅተው አወጡት። እነርሱ ባወጡት ስሌት መሠረት፥ ዛሬ በተለመደው የሸክላ ልክ፥ መርፌው ከመሐሉ 66 ሚሊሜትርና 120.9 ሚሊሜትር በራቁ ሁለት ቦታዎች ላይ ፈጽሞ ከፈሩ ጋራ ይገጥማል፤ በቀረው ቦታም ስሕተቱ ጥቂት ይሆናል።

ለጓደኞቻችን አንድ ነገር እናሳያችሁ። በትሪጎኖሜትሪ ክፍል «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» እያልን ስንጠይቅ የነበርን ብዙዎች ነን። የክንዱ ምሰሶ፥ የሰሐኑ መሐል ዘንግና መርፌው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። በዚህ ሦስት ማዕዘን ላይ የኮሳይንን ሕግ ብንሠራበት መልሱ ያለ ችግር ይወጣል። የእኛ ማጫወቻ ከምሰሶው እስከ መሐሉ ዘንግ 222 ሚሊሜትር ነው። 222 በራሱ ሲባዛ 49284 ይሆናል። 66 በ120.9 ሲባዛ 7979.4 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 57263.4 ነው፤ የዚህም ስኩዌር ሩት 239.3 ነው። ስለዚህ ከምሰሶው እስከ መርፌው 239.3 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባል ማለት ነው። ከዚህ ላይ 222 ሲቀነስ መርፌው ዘንጉን በ17.3 ሚሊሜትር ማለፍ እንዳለበት እናውቃለን። የዘንበልታውን ማዕዘን ለማግኘት 66ና 120.9ን ደምረን ለ239.3 እጥፍ ብናካፍል 0.39 እናገኛለን። ይህ የ23 ዲግሪ ሳይን ነው።

ይህን ካሰላን በኋላ የእኛን መርፌ ብንለካው ዘንጉን የሚያልፈው በ13 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ብሎኖቹ ላልተው ካርትሪጁ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ነበር። አራት ሚሊሜትር ያህል ጕድለት ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ስሕተቱ ባዶ ሊሆን በሚገባው በ66 ሚሊሜትር ላይ ከሦስት ዲግሪ በላይ አደረሰብን። ፈር የለቀቀ ሰው ሲባል እንሰማ ነበር፤ ከፈሩ ጋራ ያልገጠመ መርፌ ምን እንደሚመስል ግን ያን ቀን ዐወቅን።

ስሕተቱ ይበልጥ የሚጐዳው ወደ መሐል ሲቀርብ ነው። ትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ አንድ ጊዜ ለመዞር 1.8 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዳሩ በኩል በአንድ ሴኮንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ፈር በመርፌው ሥር ያልፋል። በመጨረሻው በመሐሉ በኩል ግን የሚያልፈው 21 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ያው ዘፈን ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ይጨናነቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲደርስ «ሰ» እና «ሸ» የሚሻክሩ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድማችሁ የመርፌውን አቀማመጥ መርምሩ።

የማስተካከሉ ሥራ በየተራው

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ይህን ሥራ በችኮላ የሠራ ሰው መልሶ ይሠራዋል። እኛ ሦስት ጊዜ ካፈረስነው በኋላ የሚከተለውን ተራ ይዘናል።

አንደኛ፤ ማጫወቻውን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና በውሃ ልክ ማየት ነው። መሬቱ ያዘነበለ እንደ ሆነ ቀጥሎ ያለው ልክ ሁሉ ከንቱ ነው። ማጉያውንም አጥፉ።

ሁለተኛ፤ ካርትሪጁን በሁለቱ ብሎኖች ማሰር ነው። ብሎኖቹ እንዲይዙት ያህል ብቻ ይጥበቁ፤ ገና ይንቀሳቀሳልና። አራቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በወረንጦ እየያዛችሁ ሰኩ። በተለመደው ሥርዐት ነጭና ሰማያዊው ለግራ፥ ቀይና አረንጓዴው ለቀኝ ናቸው። በዚህ ጊዜ ሁሉ የመርፌው መሸፈኛ አይነሣ።

ሦስተኛ፤ ክብደቱን መስጠት ነው። አንቲስኬቲንግ የሚባለውን መቈጣጠሪያ ባዶ ላይ አድርጉ። መሸፈኛውን አንሥታችሁ፥ ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል በአየር ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ በስተኋላ ያለውን ክብደት አዙሩ። ከዚያ ቍጥሩን ባዶ ላይ አድርጋችሁ የካርትሪጁ ሠሪ ወዳዘዘው ግራም ድረስ አዙሩ። ለብዙዎቹ ካርትሪጆች ይህ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው፤ የእኛ 2 ግራም ነው። በቍጥሩ ብቻ አትመኑ፤ ወርቅ በሚመዘንበት ዐይነት ትንሽ ሚዛን መዝኑት። እኛ የለጠፍነውን ሳንቲም በኋላ ስንመዝነው መርፌው ከሚችለው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በዚህ ፈርተን ከታዘዘው በታች ብናደርገው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የቀለለ መርፌ ግድግዳውን መከተል አቅቶት ይፈናጠራል፤ ተመልሶ ሲወድቅም ፈሩን ይወጋዋል።

አራተኛ፤ የንግግራችን ዋና ነገር ነው። አንድ ወረቀት ላይ ለመሐሉ ዘንግ ቀዳዳ ይበጅለታል። ከቀዳዳው መሐል 66ና 120.9 ሚሊሜትር ርቀው ሁለት ነጥቦች ይደረጋሉ። በየነጥቡም ላይ እንደ ሒሳብ ደብተር ያለ አራት ማዕዘን መስመር ይሰመራል። ወረቀቱ ታትሞ የመጣ እንደ ሆነ ርቀቱን በማስመሪያ ለኩት፤ የእኛ የመጀመሪያው ወረቀት በማተሚያው ጠቦ ስለ ወጣ አንድ ሙሉ ቀን አታሎናል። ወረቀቱን በሰሐኑ ላይ አስቀምጡና መርፌውን በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። ከፊት ለፊት ሆናችሁ መርፌው የተሰካበት ቀጭን ዘንግ ከመስመሮቹ ጋራ ትይዩ መሆኑን ተመልከቱ። ከዚያ ሰሐኑን ጥቂት አዙራችሁ በሁለተኛው ነጥብ ላይ እንደዚሁ አድርጉ። በአንዱ ገጥሞ በሌላው የማይገጥም እንደ ሆነ ካርትሪጁን በፀጕር ውፍረት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፉና እንደገና ጀምሩ። በሁለቱም ነጥቦች ላይ ሲገጥም ሥራው ተፈጸመ። ብሎኖቹን እየተፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ አጥብቃችሁም እንደገና እዩ።

አምስተኛ፤ ካርትሪጁ ከቦታው ስለ ተንቀሳቀሰ ክብደቱን መልሳችሁ መዝኑ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ስድስተኛ፤ በጎንና በፊት ማየት ነው። በጎን ሲታይ መርፌው በሸክላው ላይ ባረፈ ጊዜ ክንዱ ከሸክላው ጋራ ትይዩ ይሁን። በፊት ለማየት ደግሞ በሸክላው ፈንታ አንድ ቀጭን የፊት መስታወት አስቀምጡ። መርፌውና ከሥሩ ያለው ምስሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ መልካም ነው። እንደ ታጠፈ ክርን ሆነው ከታዩ ካርትሪጁ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

ሰባተኛ፤ አንቲስኬቲንግ ነው። ካርትሪጁ ወደ መሐል ዘንበል ስላለ፥ የፈሩ ሰበቃ ክንዱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚህ ጊዜ መርፌው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያደላና ውጭኛውን ይለቃል፤ የቀኙም ድምፅ ይሻክራል። አንቲስኬቲንግ ክንዱን በጥቂቱ ወደ ውጭ እየሳበ ሚዛኑን ይጠብቃል። በመጀመሪያ ከመርፌው ክብደት ቍጥር ጋራ እኩል አድርጉት፤ የቀረውን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

ስለ አገራችን ሸክላዎች

እዚህ ላይ ወላጆቻችን በተለይ ልብ እንዲሉልን የምንለምነው ነገር አለ። አምኃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምኃ ሬከርድስን ካቋቋመ በኋላ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 የማያንሱ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አውጥቷል። ሌሎችም እንደዚሁ አሳትመዋል። ካሴት መጥቶ ሸክላን ሲተካው እነዚህ ትናንሽ ሸክላዎች በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ገቡ።

በትንሹ ሸክላ ላይ ዘፈኑ የሚገኘው ከመሐሉ ከ84 እስከ 54 ሚሊሜትር ባለው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ 120.9 የሚለው ነጥብ ከሸክላው ውጭ ይቀራል፤ የሚያገለግለን 66 የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የአገራችንን የዚያን ዘመን ዘፈን ለመስማት የሚፈልግ ሰው የውስጠኛውን ነጥብ ከሁሉ አብልጦ ይጠንቀቅ። ስቲቨንሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት የውስጠኛውን ነጥብ ወደ 60.3 ሚሊሜትር ስለሚያቀርበው ትንንሽ ሸክላ ብቻ ለሚያጫውት ሰው ይስማማዋል። ደግሞ በ78 ዙር የሚዞረው የጥንቱ ተሰባሪ ሸክላ ፈሩ ሰፊ ስለ ሆነ ሌላ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ በአንድ መርፌ ሁለቱን ማጫወት አይገባም።

የአልማዝ መርፌም ቢሆን ያልቃል። ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ካገለገለ በኋላ ጫፉ ይሳላል፤ የተሳለ አልማዝ ደግሞ መርፌ መሆኑ ቀርቶ ቢላዋ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ መርፌ ይገዛ፤ ሸክላው በዳሩ ይያዝ፤ አቧራው ይጠረግ፤ ሁሉም በተስተካከለ ጊዜ ዘፈኑ በኮምፒዩተር ይቀዳ። አንድ ጊዜ በደኅና የተቀዳ ዘፈን ሸክላውን ሳያደክም ዘወትር ይሰማልና።

የነገሩ ፍጻሜ

አሁን ወደ እኚያ እናት እንመለስ። ማጫወቻውን ካስተካከልን በኋላ ሸክላቸውን እንደገና አስቀመጥነው። ድምፁ ከቀድሞው ተሻለ፤ እኛ ያደረስነው ቍስል ግን አሁንም ይሰማል። በሚዛንና በማስመሪያ የሚመለስ አይደለም። በዚህ አዝነን ሳለን አንዲት ጓደኛችን ሸክላውን አገላብጣ፥ «ይህኛውን ፊት እኮ አጫውተነው አናውቅም» አለች። እውነትዋን ነበር። የምንወደው የመጀመሪያውን ፊት ስለ ነበር ሁለተኛውን ሳንነካው ቀርተን ነበር።

እኚያን እናት ጠርተን በክበባችን ክፍል አስቀመጥናቸውና መርፌውን በሁለተኛው ፊት ላይ አሳረፍን። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ወጣ፤ መጨረሻው ላይ እንኳ «ሰ» እና «ሸ» አልተንጨረጨሩም። እርሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ «እርሱ የሚወደው ይህንን ፊት ነበር» አሉን። ከዚህ ሌላ ምስጋናም ወቀሳም አልተናገሩም።

እኛም ሁለት ነገር ተምረናል። ያላወቅነውን ነገር በክብደት ለማሸነፍ መሞከር ጥፋት እንደ ሆነና የሰው አደራ ከመነካቱ በፊት መለካት እንዳለበት። ሳንቲሟን አላጠፋናትም፤ በክበባችን ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትገኛለች። በሚመጣው ዓመት ወደ ክበቡ የሚገቡ ታናናሾቻችን «ይህች ምንድር ናት?» ብለው ሲጠይቁ ይህን ታሪክ እንነግራቸዋለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሸክላ ያላችሁ እንደ ሆነ በማናቸውም ማጫወቻ ላይ ከመጫወቱ በፊት የመርፌውን ክብደትና አቀማመጥ አስመርምሩ። ወደ እኛም ብታመጡት በፊታችሁ ለክተን፥ በፊታችሁ ቀድተን እንመልስላችኋለን። ከዛሬ ጀምሮ ሳንቲም አንለጥፍም።